«ምን አሉ?» አለችኝ እታለም

እሺ። ቀይዋ መብራት በርታለች። እንግዲህ እየቀዳ ነው።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራይ አወራለሁ ብዬ ነበር። ይቆየኝ። ከእሁድ ጀምሮ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፤ እሱን ሳልተነፍሰው ሌላ ነገር አይወጣኝም።

እታለም መጥታለች። አዎ፣ ያቺው፣ በድምፅ መልእክቷ የምታውቋት። እሁድ ዲሲን ላሳያት ይዣት ወጣሁ። ኋይት ሐውስን አየችና «ይኼው ነው?» አለች። አለቀ። ስለዚህ ወደ አዳምስ ሞርጋን ወሰድኳት። ስሙ የሁለት ትምህርት ቤቶች ስም እንደሆነ ነገርኳት፤ አዳምስ የነጮች፣ ሞርጋን የጥቁሮች። በዘር መለየቱ ሲቀር የሁለቱ ስም ተጋጠመና ሰፈሩ በዚያው ተጠራ። «ተጋቡ በይኛ» አለች።

ኮሎምቢያ ሮድ ላይ አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴት ፑፑሳ ትጠፈጥፋለች። የበቆሎ ሊጡን አይብ ሞልታ በሁለት መዳፏ ጠፍ፣ ጠፍ፣ ጠፍ። እታለም ግዢልኝ አላለችም። ዝም ብላ የሴትየዋን እጅ አየች። ኧረ አምስት ደቂቃ! ሰልፉ ከኋላችን እየረዘመ ነው። «ይቺ ከልጅነቷ ነው የለመደችው» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ ሜሪዲያን ሂል ፓርክ። የእሁዱ ከበሮ ከፈረንጆቹ 1960ዎቹ ጀምሮ የሚመታ ነው፤ ሰዉ ማልኮም ኤክስ ፓርክ ነው የሚለው። እታለም ትከሻዋን ሁለቴ ብቻ ነቅነቅ አደረገች። ሁለቴ! አንድ ድሬድ ያለው ልጅ ተንበርክኮላት ነበር። ቪዲዮ አልቀዳሁም፤ አትጠይቁኝ፣ እኔም ራሴን ይቅር አላልኩም።

እና ዩ ስትሪት ደረስን፣ ወደ ናይንዝ ስትሪት ታጠፍን። የአማርኛው ጽሑፍ በየበሩ። የሽሮው ሽታ። እታለም ቆመችና «ፈረንጆቹስ የት ነው የሚኖሩት?» አለች። እኔ ደረቴን ነፍቼ «ይሄ የኛ ሰፈር ነው» አልኳት።

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ በታጣፊ ወንበር ተቀምጠዋል። እታለም ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ በአማርኛ፣ «እንደምን ዋሉ አባቴ» አለቻቸው። ኮፍያቸውን አነሱላት። «አገራቸው የት እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለችኝ። አፈርኩ። እንዴት ብዬ ነው የምጠይቀው? «የት ነው ያደጉት?» አልኳቸው።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አንስተው ማዶ ጠቆሙ። መስታወት ለብሶ የቆመ አዲስ አፓርታማ። «እዚያ። የአያቴ ቤት» አሉ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። እሁድ ለቤተ ክርስቲያን የሚለበሰው ልብስ። ጃዙ። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የተነሳው እሳት። ከዚያ ለሜትሮው መንገዱ ተቆፍሮ ሱቁ ሁሉ ገበያ ሲያጣ። ጣቢያው በ1991 ሲከፈት፣ ቀስ በቀስ የቤቱ ዋጋ ሰማይ ወጣ፣ ግብሩም ተከተለ። ወንድሞቻቸው ሜሪላንድ ገቡ። «ከዚያ እናንተ መጣችሁ» አሉ። «ጥሩ ሰዎች ናችሁ፤ ምግባችሁም ይጣፍጣል። ግን አንድ ጊዜ ስማችሁን ልትለጥፉበት ነበር።» እና ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እሱ ነው የከበደኝ።

«ምን አሉ?» አለች እታለም።

እና እኔ... «ሰፈሩን ይወዱታል፣ ምግባችንንም ይወዱታል» አልኳት።

በቃ። ያ ሁሉ ንግግር፣ በዚህች።

አየችኝ። «ያን ሁሉ አውርተው?» አለች። «አዎ» አልኩ።

ስሙን የምለጥፍ እኔ አልነበርኩም እኮ! በ2005 ናይንዝ «ሊትል ኢትዮጵያ» ይባል ሲባል እኔ ገና አዲስ አበባ ነኝ። የሰፈሩ ጥቁሮች ተቃወሙ፣ ያኔ ሳይሆን ቀረ። ታክሲ የሚነዱት ታላላቆቻችን እስካሁን ያኮርፉበታል። ደርግን ሸሽተው መጥተው፣ ሌላው የማይከራየውን ባዶ ሱቅ ተከራይተው፣ ሌሊት እየነዱ ያቆሙት መንገድ ነው። እሱም እውነት ነው፣ አይደል?

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ከሽማግሌው ጋር ስከራከር አደርኩ። እዚያው ቅርብ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ዶክተር መላኩ በያን በ1935 በሕክምና የተመረቀው እዚያ ነው፤ ጥቁር አሜሪካዊት አግብቶ ለጣሊያን ጦርነት አገሩ ገባ። ጎበዝ ክርክር መሰለኝ። እና ምን ልላቸው ነው? «በ1935 አንድ ሰው ነበረን፣ ስለዚህ...» ስለዚህ ምን? ተዉት።

ግን የነገሩ ጫፍ እሱ አይደለም። ቤት ገባን። ሻይ አፈላሁ። እታለም ጫማዋን አውልቃ እግሯን እያሸች፣ ምንም ሳልጠይቃት፣ «ቤታቸው እዚያ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«እጃቸው።»

ታውቃላችሁ፣ የእታለም ቤት ዶሮ ማነቂያ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄደ። አሁን ኮንዶሚኒየም ናት፤ በሁለት ታክሲ ነው የሚደረሰው። በፒያሳ ሲያልፉ እሷም እንደዚያ ትጠቁማለች መሰለኝ። ታክሲ ውስጥ ሆና፣ ከጎኗ ለተቀመጠው ለማያውቃት ሰው... አላውቅም። አልጠየቅኳትም። «ስኳር ጨምሪልኝ» አለች፣ ጨመርኩላት።

ለምን ዋሸኋት? ላዝናናት ነበር የወጣነው። እንዳትከፋ ብዬ ነው። ወይም... «የኛ ሰፈር» ያልኩት ነገር ገና ከአፌ ሳይደርቅ ነበርና... እንጃ።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል አለፍኩ። መኪናዬን ደርቤ አቁሜ ሮጥኩ። ወንበሯ አለች፣ ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ ታጥፋ። እሳቸው የሉም። በሩን ላንኳኳ እጄን አንስቼ፣ «ማን ነኝ ልበል?» ብዬ ቆምኩ። ቆይቼ ተመለስኩ።

መኪናዬ ላይ የቅጣት ወረቀት።

ለምትቆጥሩልኝ፦ አሥር ደርሰናል።