መቶ ዓመትን የሚሻገሩት እንዴት ነው?

[ምስል፦ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ እናት፣ ከፊታቸው አጭር ጠረጴዛ]

እኚህ እናት ዘጠናን አልፈዋል እንበል። የሚኖሩት በደቡብ ጃፓን፣ ኦኪናዋ ነው። ወንበር የላቸውም፣ መሬት ምንጣፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። ሻይ ለማፍላት ይነሳሉ። መልሰው ይቀመጣሉ። ስልክ ሲጮህ ደግሞ ይነሳሉ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። እጃችሁን ሳትደገፉ ከመሬት ተነሱ። ጭን፣ ወገብ፣ ሆድ፣ ሁሉም ይሠራል። እሳቸው ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲሉ ይውላሉ፤ ስፖርት ሠራሁ ግን አይሉም።

ስለ ረጅም ዕድሜ ሲወራ ቶሎ የሚመጣልን "ምን ይበላሉ?" የሚለው ነው። እኔ ግን የሚቀድም ጥያቄ ያለ ይመስለኛል፦ አኗኗራቸው ሳያስቡት ምን ያስደርጋቸዋል?

"በዘራቸው ነው" የሚል አይጠፋም። የዴንማርክ መንትዮችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ግን በሰዎች ዕድሜ መካከል ካለው ልዩነት የዘር ድርሻ ሩብ ያህል እንደሆነ አሳይቷል።

[ምስል፦ የሰርዲኒያ ተራሮች]

ጣሊያን፣ ሰርዲኒያ ደሴት። ጃኒ ፔስ እና ሚሼል ፑላን የተባሉ ተመራማሪዎች መቶ ዓመት የሞላቸው ሰዎች የበዙባቸውን መንደሮች ካርታ ላይ በሰማያዊ ቀለም አከበቡ። እንደ ኦኪናዋ ያሉ ሰዎች ረጅም ዕድሜ የሚኖሩባቸው ቦታዎች የሚጠሩበት "ሰማያዊ ቀጠና" የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ሌላ ቦታ መቶ የሚደፍኑት በብዛት ሴቶች ናቸው። እዚህ ግን ወንዶቹም አይተናነሱም። ብዙዎቹ እረኞች ነበሩ፤ ዳገት ሲወጡ፣ ቁልቁለት ሲወርዱ ነው የኖሩት።

ምግቡስ? በኦኪናዋ ለብዙ ዘመን ዋናው ምግብ ስኳር ድንች ነበር። በኮስታ ሪካዋ ኒኮያ ደግሞ በቆሎና ቦሎቄ። ሥጋ አልፎ አልፎ ነው። ኦኪናዋዎች ማዕድ ሲቀርቡ "ሃራ ሃቺ ቡ" ይላሉ፤ ሆድህ ከአሥር ስምንት እጅ ሲሞላ ተው እንደማለት ነው።

[ምስል፦ ክብ ሠርተው የሚጫወቱ አዛውንቶች]

እዚህ ጋ ግን ቆም እንበል። ኦኪናዋዎች ሞዓይ የሚባል ነገር አላቸው። ጥቂት ሰዎች፣ አንዳንዴ ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ በቋሚነት ይገናኛሉ። ገንዘብ ያዋጣሉ፣ በየተራ ይወስዳሉ። አንዱ ሲቸገር ይደርሱለታል። ከቀረም "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ቤቱ ድረስ የሚሄድ ሰው አያጣም። ይህን ተራ ጨዋታ አድርጋችሁ እንዳታዩት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ትንተና 148 ጥናቶችን፣ ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎችን አንድ ላይ አይቷል። ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት የነበራቸው ሰዎች ክትትሉ እስኪያልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ይበልጥ ነበር። እኔን ከምግቡ ሁሉ በላይ የነካኝ ይሄ ነው።

በእርግጥ የዕድሜ መዝገብ ሁሉ አይታመንም። እዚያው ጃፓን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 መዝገብ ሲፈተሽ መቶ ዓመት አልፏቸዋል ከተባሉት ከ230,000 በላይ የሚሆኑት የት እንዳሉ አልታወቀም። ብዙዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል። ሞታቸው ግን አልተመዘገበም።

[ምስል፦ የኦኪናዋ አውራ ጎዳና]

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኦኪናዋ ላይ የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ተተከሉ። መኪናው መጣ፣ ፈጣን ምግቡም መጣ። በዕድሜ ከፊት ይሰለፉ የነበሩት የኦኪናዋ ወንዶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከ47ቱ የጃፓን ክፍላተ ሀገራት 26ኛ ሆኑ። ጃፓኖች ደነገጡ። አባትና ልጅ አንድ ደሴት ላይ ናቸው፣ ደማቸውም አንድ ነው። ልጁ በመኪና ሄዶ በርገር ይገዛል፣ ወንበር ላይ ይውላል። አባቱ ማለዳ ተነስቶ በእግሩ ወደ ማሳው ይወርዳል።