ከተማው የማይከፍለው ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከሲያትል ነው የማወራችሁ። ጣሪያው ላይ ዝናብ ከተሰማችሁ ይቅርታ፣ እሱን ዝም የማሰኝበት መላ የለኝም።

ሰሞኑን ሰብሰብ ባልንበት ሁሉ አንድ ሐሳብ ይነሳል። አንድ ጋሼ በድምፅ መልእክት እንዲህ ብለው ላኩልኝ፦ «ልጆቻችን ቴክኖሎጂ እየተማሩ ነው። አማዞንና ማይክሮሶፍት አፍንጫችን ሥር ናቸው። ከተማው ገንዘብ ያውጣ፣ እኛም እናዋጣ፣ ለቴክኖሎጂ ተማሪዎች የስኮላርሺፕ ፈንድ እናቋቁም። አንተ ለምን አትናገርም?» እሺ ጋሼ፣ ልናገር። የምለው ግን እንደጠበቁት ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ ነገር፣ ከተማው ገንዘብ እያወጣ ነው። ብዙ ወላጅ ስሙን ሰምቷል፣ ዝርዝሩን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሲያትል ፕሮሚስ ይባላል። ከሲያትል የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመረቀ ልጅ ሁሉ በሦስቱ የሲያትል ኮሌጆች፣ ማለትም በኖርዝ፣ በሴንትራልና በሳውዝ፣ እስከ ሁለት ዓመት የትምህርት ክፍያ ሳይከፍል ይማራል። ውጤትህ ስንት ነው አይባልም። አባትህ ስንት ያገኛል ተብሎም አይከለከልም።

ይኼ ነገር ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም። መነሻው «13ኛው ዓመት» የሚባል የሳውዝ ሲያትል ኮሌጅ ፕሮግራም ነው። ከለጋሾች በተሰበሰበ ገንዘብ ክሊቭላንድ ሃይስኩል ላይ ጀመረ፣ ኋላ ሬኒየር ቢችና ቺፍ ሲልዝ ተጨመሩ። የኛ ልጆች የሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ናቸው። አንድ ዓመት ብቻ ነበር የሚከፍለው። በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ከንቲባ ጄኒ ደርከን ሥራ እንደጀመሩ ይኼንን ይዘው ለከተማው በሙሉ እናስፋው አሉ። በ2018 ኅዳር ደግሞ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። በሰባት ዓመት ወደ 619 ሚሊዮን ዶላር የሚሰበስብ የንብረት ግብር ጭማሪ ነው፣ እዚህ ሌቪ የምንለው። አብዛኛው ለመዋዕለ ሕፃናትና ለትምህርት ቤቶች የሚውል ነው፣ ለኮሌጁ የተመደበው ወደ 40 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሰው አጸደቀው። በ2025 ደግሞ ለስድስት ዓመት በ1.3 ቢሊዮን አደሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ቤት ያለው ሰው ግብሩን በቀጥታ ይከፍላል። ተከራዩም ቢሆን ኪራዩ ውስጥ ይከፍላታል። ስለዚህ «ከተማው ይርዳን» ስንል ልመና አይደለም፣ ያዋጣነውን ነው የምንጠይቀው። በስብሰባ ላይ አንገታችንን ደፍተን ስናወራ ትንሽ ይከፋኛል፣ ለዚህ ነው ያነሳሁት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር።

ፕሮሚስ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ መጀመሪያ ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥቱን የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ፣ ይሞላል፣ ወይም ወረቀት ከሌለው የስቴቱን ማመልከቻ ዋስፋን። ከዚያ ፋፍሳ ለሞላውና ገቢው ዝቅተኛ ለሆነው የፌዴራሉ ፔል ግራንት፣ የማይመለስ እርዳታ ማለት ነው፣ ይገባል። ቀጥሎ የዋሺንግተን ስቴት ኮሌጅ ግራንት ይገባል። ከነዚህ በኋላ የቀረ የትምህርት ክፍያ ካለ ከተማው ይሸፍናል። አየር ማረፊያ ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ብቻዋን ሦስት ልጅ የምታሳድግ፣ ልጇ ኮሌጅ ገባ እንበል። ሙሉ ፔል ያገኛል። ሙሉው ፔል በ2024 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር። የኮሚኒቲ ኮሌጁ የዓመት ክፍያ ከዚህ ያንሳል። እና ከተማው ለዚህ ልጅ የትምህርት ክፍያ ስንት ይከፍላል? ምንም። ዜሮ። የሚከፈል አልቀረማ!

ይኼንን ለአንዲት እናት ሳስረዳ «ታዲያ የማን ልጅ ነው የሚጠቀመው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። የክፍያው ገንዘብ በብዛት የሚሄደው ግራንት ለማግኘት ገቢው ትንሽ ከፍ ላለበት ቤተሰብ ነው። እሱም ቢሆን በዚህ ከተማ ኪራይ ተጨንቆ የሚኖር ነው፣ ይድረሰው፣ አልቃወምም። ግን በጣም የቸገረው ልጅ ችግሩ ቀድሞውኑ የትምህርት ክፍያ አልነበረም።

የሱ ችግር ሰዓት ነው።

እስቲ እንቁጠር። ሙሉ ተማሪ በአንድ ኳርተር፣ የኮሌጁ ዓመት በሚከፋፈልበት በአንዱ ክፍለ ጊዜ፣ 15 ክሬዲት ይወስዳል፣ በሳምንት ወደ 15 የክፍል ሰዓት ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት አጥና ይባላል። በሳምንት 45 ሰዓት ሆነ። ይኼ ለማንም ተማሪ ነው። ፕሮግራሚንግ የሞከረ ሰው ደግሞ የቤት ሥራው በተባለው ሰዓት እንደማያልቅ ያውቃል። አንድ ኮማ ፍለጋ ሌሊቱ ይነጋል። ይኼ ልጅ ከዚህ በላይ መጋዘን ወይም ነዳጅ ማደያ 25 ሰዓት ይሠራል እንበል። 70 ሰዓት። እህቱን ከትምህርት ቤት የሚያመጣትም እሱ ነው። የአባቱን የኢንሹራንስ ደብዳቤ የሚያነበውም እሱ ነው። ይኼን የትኛውም ፎርም አይጠይቅም።

ከተማውም ይኼ አልጠፋበትም፣ እውነት ለመናገር። በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተጨማሪ ድጎማ አለ፣ ለመጽሐፍ፣ ለትራንስፖርት፣ ለኪራይ የሚሆን። ሲጀመር በኳርተር 500 ዶላር ነበር፣ ኋላ ከፍ አድርገውታል። ግን 500ውን በሰዓት መንዝሩት። በ2019 የሲያትል ዝቅተኛ ደመወዝ በትልልቅ ድርጅቶች በሰዓት 16 ዶላር ነበር። 500 ማለት የ31 ሰዓት ደመወዝ ነው። ኳርተር ወደ 11 ሳምንት ነው። ስለዚህ ያ ገንዘብ ልጁን በሳምንት ሦስት ሰዓት እንኳን ከሥራ አላስቀረውም። በእጥፍ ቢጨመር ስድስት ሰዓት አይሞላም። ደመወዙ ደግሞ በ2025 20.76 ደርሷል። ደመወዝ ሲጨምር ጥሩ ነው፣ ግን ልጁ ክፍል ለመቀመጥ የሚተወው ገንዘብም አብሮ ጨመረ ማለት ነው።

ቴክኖሎጂ የሚማር ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ኮምፒውተር ሳይንስ ደረጃ በደረጃ ነው። የመጀመሪያውን የፕሮግራሚንግ ኮርስ፣ ሲኤስሲ 142ን፣ ሳታልፍ ቀጣዩን 143 አትገባም። ካልኩለስም እንደዚሁ፣ 151፣ 152፣ 153። ከሃይስኩል ሲወጣ ሒሳቡ ጠንካራ ያልሆነ ልጅ ከካልኩለስ በፊት ሁለት ኮርስ ይቀረዋል። ሁለት ሲደመር ሦስት፣ አምስት ኳርተር ለሒሳብ ብቻ። ፕሮሚስ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ወይም 90 ክሬዲት ነው፣ ማለትም ስድስት ኳርተር። ከዚያ በታች የጀመረ፣ ወይም በሥራ ምክንያት አንድ ኮርስ የጣለ ልጅ፣ ፕሮግራሙ ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቅበታል። ታሪክ ወይም ቢዝነስ የሚማር ጓደኛው አንድ ኮርስ ቢወድቅ በሌላ ያካክሳል። የኛ ኮደር ግን ኮርሱ እስኪሰጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይኼ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሺንግተን ኮምፒውተር ሳይንስ መግባት ከባድ ፉክክር ነው። የፕሮሚስ ልጆችን ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያዘጋጅ ፕሮግራም አለ፣ እሱም ቢሆን የኮምፒውተር ሳይንሱን በር አይከፍትላቸውም።

ስለዚህ ጋሼ፣ እኔ ብጠየቅ፣ የትምህርት ክፍያ የሚከፍል አዲስ ፈንድ አያስፈልገንም። ሰዓት የሚገዛ ፈንድ ነው የሚያስፈልገን።

«እሺ፣ ከተማው ለሱ ይስጠን» ልትሉ ነው። እዚህ ጋ ሕግ አለ። የዋሺንግተን ስቴት ሕገ መንግሥት አንቀጽ 8 ክፍል 7 ከተማ ለግለሰብ ወይም ለማኅበር ዝም ብሎ ገንዘብ እንዳይሰጥ ይከለክላል፣ ለድሆችና ለአቅመ ደካሞች አስፈላጊ ከሆነው ድጋፍ በቀር። ስለዚህ ከንቲባው ቢወዱንም ቼክ ጽፈው በማኅበራችን ስም ሊሰጡን አይችሉም። ገንዘቡ የመንግሥት ዓላማ ሊኖረው፣ በውል ሊታሰርና አገልግሎት ሊገኝበት ይገባል። ሁለተኛም አለ። በ1998 ሕዝቡ ያጸደቀው ኢኒሼቲቭ 200 መንግሥት በትምህርትም ሆነ በሥራ በዘርና በትውልድ አገር አድልዎ እንዳያደርግ ይላል። በ2019 ይኼንን ለመለወጥ የተሞከረው በጠባብ ልዩነት ወደቀ። በከተማ ገንዘብ «ለሀበሻ ልጆች ብቻ» የሚል ፈንድ ማቋቋም አይታሰብም ማለት ነው። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። ሬኒየር ቢች ውስጥ የሶማሌው ልጅና የቬትናሙ ልጅ ከኛው ልጅ ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ ነው ያሉት። በገቢና በትምህርት ዓይነት ቢለይ ይበቃል።

ሦስተኛው ነገር ግን ቅር ይለኛል። ድንበሩ።

ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቼሪ መንገድ አካባቢ፣ ድሮ ስንመጣ የምናርፍበት ሰፈር ነበር። ኪራይ ገፋን። ወደ ሬኒየር ሸለቆ ወረድን። እሱም ተወደደ። አሁን ስካይዌይ ነን፣ ሬንተን ነን፣ ተክዊላ ነን፣ ኬንት ነን። ስካይዌይ ከሬኒየር ቢች ጋር ትያያዛለች። ግን የሲያትል ከተማ አይደለችም፣ ልጆቿም የሬንተን ትምህርት ቤቶች ናቸው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ፣ በአንድ ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች አንዱ ፕሮሚስ ያገኛል፣ አንዱ አያገኝም። ከተማው ጥፋተኛ ነው አልልም። የሲያትል ግብር ከፋይ ለሲያትል ትምህርት ቤት ነው ድምፅ የሰጠው። ከተማ የሚደግፈው ፈንድ ሁሉ ይኼ ይገጥመዋል። ገንዘቡ ከመስመሩ አይወጣም፣ እኛ ግን ከመስመሩ ወጥተናል።

ስለ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አንድ ሁለት ነገር ብዬ ልለፍ። በ2011 የስቴቱ ምክር ቤት ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ዋሺንግተን ስቴት ኦፖርቹኒቲ ስኮላርሺፕ የሚባል አቋቁሞ ነበር። ማይክሮሶፍትና ቦይንግ 25፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ቃል ገቡ። ስቴቱ በግል ለሚሰጠው እያንዳንዱ ዶላር አንድ ዶላር ይጨምራል። አንድ ተማሪ በጠቅላላው እስከ 22,500 ሊያገኝ ይችላል፣ ለኑሮም መጠቀም ይቻላል። በስቴቱ ውስጥ ለሚኖር ስለሆነ የኬንቱም ልጅ ያመለክታል። እባካችሁ ልጆቻችሁ እንዲያመለክቱ አድርጉ። በ2019 ደግሞ በትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ላይ የተጣለ ተጨማሪ ግብር ቅድም ያልኩትን የስቴቱን ኮሌጅ ግራንት እንዲደጉም ተደርጓል። እና «አማዞን ምን አደረገልን» ስንል፣ በግብር በኩል የሆነ ነገር እየመጣ ነው። ፈቅደውም ይሁን ሳይፈቅዱ፣ እሱን ለነሱ እተዋለሁ።

እንግዲህ የኛ መዋጮ የት ይግባ? እኔ የማስበው እንዲህ ነው። የከተማውን ገንዘብ ከተማው በሕጉ ያስኬደው። ከከተማው የምንጠይቀው አዲስ ፈንድ ሳይሆን ሁለት የደንብ ለውጥ ይሁን። አንደኛ፣ ሒሳብ ከታች ለሚጀምር የቴክኖሎጂ ተማሪ ከስድስት ኳርተር በላይ ይፈቀድ። ሁለተኛ፣ የኑሮ ድጎማው ከዝቅተኛው ደመወዝ ጋር አብሮ ይደግ። ሌቪው በታደሰበት ሰሞን እንዲህ ያለ ጥያቄ ለምክር ቤት አባል ማቅረብ ቀላል ነው። ማንነታቸውም አይጠፋንም፣ ሰዎቹ በምርጫ ሰሞን እንጀራችንን ሲበሉ አይተናል።

የኛን መዋጮ ግን ከከተማው ገንዘብ ጋር ባንቀላቅለው እመርጣለሁ። ተቀላቀለ ማለት ድንበሩና ደንቡ አብሮ መጣ ማለት ነው። ለብቻው ከሆነ ስካይዌይም ኬንትም ይደርሳል። ትንሽ ቢሆንም ሰዓት ይግዛበት። ካልኩለስና 143 በአንድ ኳርተር ለሚወስድ ልጅ በሳምንት አሥር ሰዓት ከሥራ የሚያስቀር ገንዘብ፣ በዛሬው ዝቅተኛ ደመወዝ ለአንድ ኳርተር ከ2,300 ዶላር ያልራቀ ነው። አሥር ልጅ፣ 23,000። ይኼ ለኛ ብዙ አይደለም። አንድ የሠርግ አዳራሽ ምን እንደሚያስወጣ እናውቃለን።

እድር ሲመሠረት መጀመሪያ የሚጻፈው ደንቡ ነው፣ ድንኳኑ ኋላ ይገዛል። ይኼም እንደዚያ ይሁን። ማን ይመርጣል? የኮሚቴው አባል ልጅ ማመልከት ይችላል ወይ? ልጁ ኮርሱን ቢጥል ገንዘቡ ይቋረጣል ወይ? እኔ አይቋረጥ ባይ ነኝ፣ የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ሰዓት ስላጣ ነው። እዚህ ላይ ጋሼ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፣ ኮስተር ያሉ ሰው ናቸው። ሌላ አንድ ነገር ደግሞ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ቀድሞ ማነጋገር ነው። ከውጭ የመጣ ስኮላርሺፕ ኮሌጁ የሚሰጠውን ሌላ እርዳታ ሊቀንሰው ይችላል። በአንድ እጅ ሰጥተን በሌላው እንዳናስቀማ።

ኮሌጅ የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ተማሪ የሆናችሁ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሠሩና የትኛው ኮርስ ላይ እንደከበዳችሁ በድምፅ ላኩልኝ። ስም አያስፈልግም። ለኮሚቴው ይዤ የምገባው እሱን ነው። ፋፍሳ ገና ያልሞላችሁ ካላችሁ ደግሞ ይኼን አጥፉትና ሂዱ ሙሉ። ቸር ሰንብቱ።