ነድተነው የምንመጣው ሞተር፦ የዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ዛሬ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ስትገቡ አይ ነበር። ገሚሱ ሞተሩን እየነዳ ገባ፣ ገሚሱ ደግሞ በፒካፕ ጭኖ አመጣ። የተጫኑት ሲወርዱ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ከበባቸው። እውነትም ያምራሉ። እኔ ግን እየተነዱ ከገቡት አንዷ ላይ ዓይኔ ቀረ። የፊት መብራቷ ላይ ትንኝ ተለጣጥፏል። የማርሚታዋ ጫፍ ጥቀርሻ ይዟል። ባለቤቷ ሲወርድ ወገቡን አልያዘም፣ እጁንም አላራገፈም። ሄልሜቱን አወለቀና ከሰው ጋር ሰላምታውን ቀጠለ።

አሮጌ ሞተር ገዝቶ፣ ፈታትቶ፣ ለራሱ እንዲሆን አድርጎ መልሶ የሚገጥም ሁሉ ይህን ሒሳብ ማስላቱ አይቀርም። ምን ያህሉ ለዓይን ይሁን፣ ምን ያህሉ ለመንገድ? እኔ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ሁለቱ ከተጋጩ መንገዱ ይቅደም። ይህን የምለው መልክ ስለማይገደኝ አይደለም። የምንወደው መልክ ራሱ የተወለደው ከአነዳድ ስለሆነ ነው።

ካፌ ሬሰር የሚባለውን፣ ተገፎ ለፍጥነት የተሠራውን የሞተር ዓይነት ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች ሞተራቸውን የገፈፉት ለፎቶ ብለው አልነበረም። በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመድረስ ነው። መሪው ዝቅ ያለው ደረታቸው ንፋስ እንዳይመታው ነው። ትሪተን የሚባለውን ሞተር ደግሞ አስቡት። ትሪምፍ ከሚባለው ሞተር ጠንካራውን ኢንጂን አውጥተው ኖርተን በሚባለው ሌላ ሞተር ሻሲ ላይ ይገጥሙታል። ለምን ኖርተን? ሻሲው መንገድ ስለሚይዝ ነዋ! የማካንድለስ ወንድማማቾች ሠርተውት እ.ኤ.አ. በ1950 ውድድር ላይ የወጣው ያ ሻሲ ፌዘርቤድ ይባላል፣ የላባ ፍራሽ እንደማለት ነው። ስሙ የመጣው ሃሮልድ ዳንኤል የተባለው ተወዳዳሪ ነድቶት ላባ ፍራሽ ላይ የተኛ ያህል እንደተመቸው በመናገሩ ነው። ዛሬ እንደ ጌጥ የምናየው ብረት ስሙን ያገኘው ከምቾቱ ነው።

እኛ ታዲያ ብዙ ጊዜ መልኩን ወስደን ምክንያቱን እንተወዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። በመጀመሪያ ሥራዬ መቀመጫውን አሳጠርኩ፣ መሪውን ዝቅ አደረግኩ፣ የእግር መርገጫውን ግን ፋብሪካው ያስቀመጠበት ተውኩት። ገና ከጋራዥ ሳላወጣው፣ ላዞረው መሪውን እስከ ጥግ ስጠመዝዘው አውራ ጣቴ በእጀታውና በቤንዚን ታንኩ መሀል ተቀረቀረ። መንገድ ላይ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትንንሽ ጣቶቼ ደነዘዙ። ጥፋቱ መሪው ዝቅ ማለቱ ብቻ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። እግሬ ወደፊት ሆኖ ደረቴ ሲያጎነብስ የላይኛው አካሌ ክብደት በሙሉ የእጅ አንጓዬ ላይ ወደቀ። መርገጫውን ወደኋላና ከፍ ሳደርገው ክብደቱን እግሬ ተሸከመልኝ። ለአውራ ጣቴም የመሪውን ማቆሚያ አስተካከልኩለት።

ስለዚህ አዲስ ለምትጀምሩ ልጆቻችን አደራ የምለው አለ። ግራይንደሩን ከማንሳታችሁ በፊት ተቀመጡበት። ጓደኛችሁ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁ። ለመሪው ቁራጭ ቱቦ እሰሩ፣ ለመቀመጫው ስፖንጅ ቆርጣችሁ አስቀምጡ። አሥር ደቂቃ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ቆዩበት። ሰውነታችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

ከዚያ የከበደው ነገር ቁመናው ነው። ሞተሩ ፊቱን ደፋ እንዲል ብለን የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ ወደ ላይ እናሳልፈዋለን፣ ከኋላ ደግሞ ረጅም አሞርዛተር እንገጥማለን። በጎማዎቹ መሀል 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ባለው ሞተር ላይ ፊቱን 25 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ብናደርግ ሹካው አንድ ዲግሪ ያህል ይበልጥ ቀጥ ይላል። ኋላውን ከፍ ስናደርግ በዚያው ላይ ይደመራል። የመሪው ዘንግ መስመር መሬት ከሚደርስበት ነጥብ እስከ ጎማው መሬት የሚነካበት ያለው፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ርቀት ያጥራል። መንደር ውስጥ ቅልጥፍና ይመስላል። በፍጥነት ስትሄዱ ግን መሪው እጃችሁ ውስጥ መርገብገብ ይጀምራል። ሁለቱንም ከመለወጣችሁ በፊት አንዱን ለውጡ፣ ንዱት፣ ከዚያ ወስኑ።

የኋላ ጎማ ላይ ተጣብቆ የሚታይ አጭር መቀመጫ ሁላችንም እንወዳለን። ቆሞ ሲታይ ልክ ነው። ጉድጓድ ሲመታስ? አሞርዛተሮቹን አውልቃችሁ ጎማውን በእጃችሁ ወደ ላይ ግፉት፣ አሞርዛተሩ ተጨፍልቆ እስከሚያደርሰው ድረስ። ሻሲውን ወይም ሽቦውን ነክቶ ከሆነ ያን ጊዜ ታያላችሁ። የፊት ፓራፋንጎም እንዲሁ ተነቅሎ የሚጣል ቆርቆሮ አይደለም። በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ የሹካውን ሁለት እግሮች አንድ ላይ የሚይዘው እሱ ነው። ካነሳችሁት በምትኩ ማገናኛ ግጠሙ።

የአየር ማጣሪያ ሳጥኑን አውጥቶ መሀሉን ባዶ ማድረግም ፋሽን ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተሠሩ ብዙ የጃፓን ሞተሮች ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ካርቡሬተር ውስጥ ያለውን ተንሸራታች የሚያነሳው የአየር ግፊት ልዩነት ነው። ያ ሳጥን አየሩን ያረጋጋለታል። ትንንሽ ማጣሪያ ስንሰካበት ነዳጅ ግማሽ ላይ ሲሰጡት ያንገራግራል። ነዳጅ የሚያሳልፈውን ጄት ቀይረው፣ መርፌውን አስተካክለው፣ ካንዴላ እያዩ ወራት የፈጁ አባላት አሉን። አንዳንዶቹ ተሳክቶላቸዋል። አንዳንዶቹ የጣሉትን ሳጥን ፍለጋ ወጥተዋል። እኔ ብሆን ሳጥኑን አልነካም።

አሁን ዛሬ ድምፅ ወደምንሰጥበት፣ ስለ ሞተር ውድድራችን ወደቀረበው ሐሳብ ልምጣ። የሥራ አመራር ኮሚቴያችን ከዘንድሮ ጀምሮ ዳኞች ከማየታቸው በፊት እያንዳንዱ ሞተር ከባለቤቱ ጋር 60 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ ይጠይቃል። በራሱ የተመለሰ ይዳኛል። ያልሄደ ይታያል፣ ይጨበጨብለታል፣ ነጥብ ግን አይሰጠውም። ቅር የሚላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብየዳውና ቀለሙ ብቻውን ጥበብ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ፣ ልክ ናቸው። ለዚያ ጥበብ የተለየ ሽልማት እንዲኖር ደግሞ እኔ ራሴ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ድምፅ የምንሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው። እስከዚያ ሞተሮቹ ግቢ ውስጥ ናቸው። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ተቀመጡባቸው። መሪውን ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙሩት፣ አውራ ጣታችሁ የት እንደሚደርስ እዩ።

ጉባኤው ተከፍቷል።