ጭሱ የት ይሄዳል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ከአራት ኪሎ ነው። መስኮቱን ብዘጋም የታክሲ ክላክስ ሊሰማችሁ ይችላል።

ሰሞኑን ስለ አንድ ዓይነት በረራ ሳነብ ከረምኩ። መንገደኛ የለውም። ተነስቶ ባሕር ላይ ሲዞር ይውልና እዚያው የተነሳበት ይመለሳል። ሥራው አየር መቅዳት ነው። በአንዳንዶቹ መስኮቶች ላይ በመስታወቱ ፈንታ ቱቦ ተገጥሟል። በቱቦው የገባው አየር አውሮፕላኑ ውስጥ ወዳሉት መሣሪያዎች ይሄዳል። አንዱ ብናኙን በሌዘር ይቆጥራል፣ ሌላው ከቃጠሎ የሚወጣውን ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ይለካል። አውሮፕላኑ አንዴ ወደ ውሃው ዝቅ ይላል፣ አንዴ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጭሱ በየትኛው ከፍታ ላይ እንደተኛ የሚታወቀው እንደዚያ ነው።

ለምን ባሕር ላይ? እኔንም መጀመሪያ የገረመኝ ይሄ ነው። ባሕር ላይ ማድቤት የለም፣ ፋብሪካ የለም። ከመርከብ ጭስ በቀር እዚያ የተገኘው ጥቀርሻ ሁሉ ከየብስ የመጣ ነው።

በ1999፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ኢንዶኤክስ የሚባል ትልቅ ጥናት ተደረገ። ከመሪዎቹ አንዱ ህንድ ተወልደው አሜሪካ የሠሩት የአየር ንብረት ተመራማሪ ራማናታን ነበሩ፤ ሌላው የኖቤል ተሸላሚው ፖል ክሩትዘን። ነፋሱ ከእስያ ወደ ባሕር በሚነፍስበት ወቅት አውሮፕላኖች ከማልዲቭስ እየተነሱ የህንድ ውቅያኖስን አሰሱ። ያገኙት ቡናማ ጉም ነው። ውፍረቱ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር።

የማን ጭስ ነው? እንጨት በቅርቡ ሕይወት የነበረው ነገር ስለሆነ ካርቦን 14 የሚባለው፣ በጊዜ ብዛት እየጠፋ የሚሄደው የካርቦን ዓይነት አለው። ቤንዚንና የድንጋይ ከሰል ግን ከተቀበሩ ሚሊዮን ዓመታት ስላለፋቸው ጨርሶ የላቸውም። በፈረንጆቹ 2009 የወጣ ጥናት ከማልዲቭስና ከምዕራብ ህንድ የተሰበሰበውን ብናኝ በዚህ መንገድ መረመረ። ከካርቦኑ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ እንጨት፣ ኩበትና ገለባ ከመሳሰሉት የመጣ ሆኖ ተገኘ።

ኩበት! እዚህ ላይ ንባቤን አቆምኩ። ምጣድ ላይ አቀርቅራ ዓይኗን የምትጠርገውን ሴት ሁላችንም እናውቃታለን። ጭሱ መጀመሪያ የሚገባው የእሷ ሳንባ ውስጥ ነው፤ ባሕሩ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ስለዚህ በዚህ ጥናት ድሃውን የሚወቅስ ሰው ያናድደኛል። ማገዶ የምታነደው ሌላ አማራጭ ስለሌላት ነው።

የእኛም አህጉር ተለክቷል። ናሳ በፈረንጆቹ ከ2016 እስከ 2018 ኦራክልስ በሚባል ዘመቻ ከአንጎላና ከጎረቤቶቿ የሚነሳውን የእሳት ጭስ አትላንቲክ ላይ ተከታትሏል። መጀመሪያ ከናሚቢያ፣ ኋላ ከሳኦ ቶሜ እየተነሱ። ዋናው አውሮፕላን ፒ-3 ነው፤ ዓይነቱ ድሮ ሰርጓጅ መርከብ ለማደን የተሠራ። ጭስ ሲያሳድድ ማየቱ ደስ ይላል።

ወደ ኅዳር 12 ልምጣ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከተማችንን ሲፈጅ፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን የሚለው ማለት ነው፣ ሰው ቆሻሻውን ሰብስቦ እያቃጠለ ሰፈሩን አጠነ። ያን ጊዜ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። ኅዳር ሲታጠን የሐዘን ትዝታ ያለበት ልማድ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን የያኔው ቆሻሻ ገለባና ቅጠል ነበር። የዛሬው ፌስታል ነው፣ ሃይላንድ ነው፣ አሮጌ ጎማ ነው። የዚያን ቀን ማታ ከፒያሳ ቁልቁል ቸርችል ጎዳናን ስታዩ ለገሃር ይደበዝዛል።

ምን ያህል ነው ጭሱ? የአሜሪካ ኤምባሲ እዚህ አዲስ አበባ ለዓመታት ይለካ ነበር፣ ቁጥሩንም ማንም ሰው በስልኩ ያይ ነበር። በፈረንጆቹ 2025 ማርች ላይ የአሜሪካ መንግሥት የኤምባሲዎቹን መረጃ ማሰራጨት በመላው ዓለም አቆመ። የሌላ አገር መንግሥት ሲተወው የሚቋረጥብን ነገር መሆን አልነበረበትም። የመርካቶና የሜክሲኮ አየር በራሳችን ሰዎች ተለክቶ፣ ማታ ማታ ከዜናው ቀጥሎ እንደ ዝናቡ ትንበያ ቢነገረን እመኛለሁ። አስም ያለበት ልጅ ያላት እናት ነገ መስኮት ትክፈት አትክፈት የምትወስነው በዚያ ነው።

እስከዚያው ኅዳር 12 እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ፌስታሉንና ጎማውን ለዩት። እኔ ለሰፈራችን ዕድር ዳኛ ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም ለልጆቹ እነግራለሁ ብለውኛል። የእናንተ ሰፈር ምን እንዳለ ጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አነበዋለሁ። ቸር ሰንብቱ።