ጎታ የዋልንበት ቅዳሜ

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣

በተማሪዎች ልውውጥ ጀርመን አገር፣ ኤርፉርት ከተማ ሦስት ሳምንት ተቀምጠን ስለመጣነው ስለ አሥራ ሁለቱ ተማሪዎችና ስለ እኔ ስለ አማርኛ መምህራቸው እንድናገር ስትጋብዙኝ፣ የሁሉንም ቀን ውሎ ብተርክ እንደምትሰለቹ ስለማውቅ አንዲቷን ቅዳሜ ብቻ መርጫለሁ፤ ይኸውም ጎታ ወደምትባለው ጥንታዊ ከተማ ደርሰን የተመለስንባት ናት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎታ ከኤርፉርት በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይሁንና የመጀመሪያው ባቡር አመለጠን። እኔ ልጆቹን «ጠዋት ሦስት ተኩል ጣቢያ እንገናኝ» ብያቸው ነበር። ከመካከላቸው ሁለቱ ግን ካሳደሯቸው ቤተሰቦች ዘንድ ሰዓቱን በጀርመንኛ ሊያረጋግጡ ፈልገው «ሃልብ ጼን» የሚል መልስ አገኙ። ቃል በቃል «ግማሽ አሥር» ማለት ስለሆነ፣ የተማሩትን መዝገበ ቃላት አምነው፣ በጀርመኖቹ አቆጣጠር አሥር ተኩል ነው ብለው ተረዱት። ጀርመኖች ግን ግማሹን የሚቆጥሩት ወደሚመጣው ሰዓት ነውና፣ የተባለው ዘጠኝ ተኩል፣ ማለትም የእኛው ሦስት ተኩል ነበር። ልጆቹ አንድ ሰዓት ዘግይተው፣ ግን አንዳች ሳይጠራጠሩ፣ እየሳቁ መጡ። ይህን የማነሳው ላሳፍራቸው አይደለም፤ የቀረው ውሏችን በሙሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው።

ከከተማዋ በላይ ፍሪደንሽታይን የተባለው ቤተ መንግሥት ተንሰራፍቷል። መስፍኑ ኤርንስት ቀዳማዊ ማሠራት የጀመሩት በ1643፣ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ገና ሳያበቃ ነው። በዋናው በር ላይ ሰላምና ፍትሕ በሁለት ሴቶች አምሳል ተቀርጸው ይሳሳማሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ተንሾካሾኩ፤ እኔ ግን የዳዊት መዝሙር ትዝ አለኝ፤ «ጽድቅ ወሰላም ተሰዐማ» የሚለው። ከሥዕሉ ጋር ያለውን የጀርመንኛ ጽሑፍ አንዷ ተማሪ ቆማ ጥቂት ካሰበች በኋላ «ሰላም ያበላል፣ ጠብ ይበላል» ብላ መለሰችው። የጀርመንኛው ቤት ሳይፈርስ በአማርኛ ቤት መታ። ሃያ ዓመት አማርኛ ሳስተምር እንዲህ ያለ ትርጉም በድንገት ሲወለድ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከ1680ዎቹ የቆየ የእንጨት መድረክ ማሽን ያለው ኤክሆፍ ቴአትር አለ፤ ወንዶቹ ከእሱ አልላቀቅ ብለው ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ባለ ቅስቱ ሰፊ ግቢ ነው። በ1652 በጋ በዚህ ቤተ መንግሥት አንድ ኢትዮጵያዊ በእንግድነት ተቀምጠዋል፤ የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ያስመጧቸው መስፍኑ ሲሆኑ፣ ያገናኟቸው ደግሞ ኤርፉርት፣ ማለትም ልጆቻችን ባደሩባት ከተማ፣ በ1624 የተወለደው ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ግዕዝን በመጽሐፍ ተምሮ ነበር፤ ቋንቋውን ከሚያውቁት ሰው፣ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር የተገናኘው ግን በ1649 ሮም ላይ ነው። መጽሐፍ ብቻ ይዞ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ጠዋት ጣቢያ አይተናል። ጎታ ላይ መስፍኑ ስለ አገራችን ሃይማኖትና ልማድ ሲጠይቁ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሱ ነበር፤ ሉዶልፍም ያስተረጉም፣ የሰማውንም ይጽፍ ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ መርከባቸው በዛሬዋ ቱርክ ባለችው ወደብ በእስክንድሮና አጠገብ ተሰብሮ ባሕር ውስጥ ቀሩ። ሉዶልፍ ከሞታቸው አርባ ዓመት በኋላ፣ በ1698፣ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ የመጣው የአውሮፓ የአማርኛ ጥናት ሁሉ የሚነሣው ከእነዚህ መጻሕፍት ነው። የሉዶልፍ ስም በየመጽሐፉ ሲጠራ የአባ ጎርጎርዮስ ስም ብዙ ጊዜ ከኋላ ይመጣል፤ እኔ ቅደም ተከተሉ አይዋጥልኝም። ሉዶልፍ ራሱ ግን ውለታቸውን አልደበቀም።

ስንመለስ በባቡሩ ውስጥ አብረውን የመጡት የጀርመን ተማሪዎች ልጆቻችንን ሲጠይቁ አደመጥሁ። አንዱ «አይዞህ» የሚለውን ቃል ትርጉም ጠየቀ። አራቱ አራት የተለያየ መልስ ሰጡት፤ አራቱም ልክ ነበሩ። እሱ ሁሉንም በደብተሩ ላይ ጻፋቸው።

እነዚያ ተማሪዎች በጥር ወር እኛ ዘንድ ይመጣሉ። ለማሳደር ፈቃደኛ የሆናችሁ ወላጆች ስማችሁን ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት በር ላይ ባለው ወረቀት እንድትመዘግቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ቦሌ ሄደው እንግዶቹን ለመቀበል በፈቃደኝነት የተነሡት ሁለቱ ባለ «ግማሽ አሥር» ተማሪዎች ናቸው፤ አውሮፕላኑ የሚገባበት ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አስቀድመው እንዲጠይቁ ነግሬአቸዋለሁ።

አመሰግናለሁ።