የካምፕ እሳትን ነገር ዛሬ እንጨርስ

የተከበራችሁ አስጎብኚዎች፣ ስካውቶች (የፓርኩ ጠባቂዎች)፣ ምግብ አብሳዮች፣ ባለበቅሎዎችና የሎጅ ሠራተኞች፣ እንኳን ለማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በሰላም መጣችሁ። ከጨነቅ ማዶ ሌሊት ተነስታችሁ ደባርቅ የገባችሁ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባችኋል።

ስለ ስሜን ተራሮቻችን ድንጋይና ሣር ጥቂት ልበልና ወደ አጀንዳው እንግባ።

እንግዳ የሎጁ በረንዳ ላይ ቡናውን ይዞ ቁጭ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀን ዋልያ የት እንዳለ ነው። ስለ ገደሉ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ እኛም ብዙ አንነግረውም። ያስቆጫል። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የቀለጠ ድንጋይ ከመሬት ሆድ በየጊዜው እየወጣ አንዱ በሌላው ላይ ረጋ። ያ ጥቁር ባዝልት ነው የስሜን ተራራ። ከዚያ ዝናብና ወንዝ ሲሸረሽሩት ጠንካራው ንጣፍ ቀጥ ያለ ገደል ሆነ። ልል የሆነው ተበልቶ እርከን ወጣው። ዋልያ የሚቆመው እዚያ እርከን ላይ ነው። ጭላዳም ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ይውልና ሲመሽ ነብርና ጅብ ወደማይደርሱበት ገደል ወርዶ ያድራል።

ገደሉስ ምንም አይልም። የሚያሰጋኝ አናቱ ነው። እዚያ ያለው አፈርና ጓሳ የሚባለው ሣር የክረምቱን ውሃ ይይዛል፤ የበጋው ምንጭም ከዚያ ነው። ጓሳው ሲጋጥ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ሲቆረጥ፣ አፈሩ በጎርፍ ወደ ተከዜ ይወርዳል።

ፓርካችን በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1989 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገባ፤ የወጣው በ2009 ነው። ሃያ ዓመት! ለዚህም በፓርኩ ውስጥ የነበረው የጊጪ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ወርደዋል። እነሱ ባሉበት ከተማ ቆሞ ስለ ጥበቃ መስበክ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይከብደኛል። ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር።

በ2011 ዓ.ም. ጓሳውና አስታው ሲነድ ታስታውሳላችሁ። ያገሬው ሰው እንደዚያ ተረባርቦ እንኳ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች እስኪመጡ ደርሶ ነበር። ይህን ያየን ሰዎች፣ እንግዳ ደስ ይበለው ብለን ማታ ማታ እሳት እናነዳለን። ማገዶው ከየት እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንሸዋወድ። አስታ በዚያ ብርድ ቶሎ አያድግም።

ቦርዱ ያቀረበው ሐሳብ አጭር ነው። ምግብ በጋዝ ብቻ ይብሰል፣ የካምፕ እሳት ይቅር። ጋዝ ውድ ነው የምትሉ ልክ ናችሁ። ወጪው አብሳዩ ላይ እንዳይወድቅ በጉዞው ዋጋ ውስጥ ይግባ፤ ሲሊንደር የምትጭን በቅሎም ለብቻዋ ይታሰብላት። እንግዳው ቢበርደውስ? ብርድ ልብስ እንጨምርለታለን፤ ከ3,000 ሜትር በላይ እንደሚያድር አውቆ ነው የመጣው።

መድረኩ ክፍት ነው። ባለበቅሎዎች ከወዲሁ እጅ አውጥተዋል፤ ከእነሱ እንጀምር።