ስም ከመሰረዛችን በፊት ጣት እንውጋ

የተከበራችሁ የስኳር ሕሙማን ማኅበራችን አባላት፣ ሼኾቻችን፣ ካህናቶቻችን፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ! በዚህ ጉም የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ የደረሳችሁልን ደግሞ እሰየው። አዳራሹን በነፃ የሰጡንን፣ ስኳራችንን ሊለኩልን የመጡትን ነርሶች፣ ከሌሊት ጀምረው ሽር ጉድ ያሉትን እናቶች አመሰግናለሁ። የዘለልኩት ሰው ካለ ይለፈኝ። የተሰጠኝን ሰዓት በምስጋና መጨረስ አልፈልግም።

የዓመቱን ሥራ ቶሎ ልበል። እዚህ ደሴ፣ በቧንቧ ውሃና በሆጤ ሰፈሮች ትምህርት ሰጥተናል። ኢንሱሊን የሚወጉ ልጆች ያሏቸው እናቶች በየወሩ ተገናኝተው ይመካከራሉ። በዚህ እኮራለሁ፣ ሳልጠየቅም እናገረዋለሁ። ከረመዳን በፊት ከሼኾቻችን፣ ከዐቢይ ጾም በፊት ከካህናቱ ጋር ተቀምጠን ተነጋግረናል። የእግር ጉዞም አድርገናል፤ ቲሸርቱ ያምር ነበር። የቀረውን ጸሐፊያችን ያነቡላችኋል።

እኔ የምናገረው ዓመቱን ሙሉ ስላነታረከን ነገር ነው። ታውቁታላችሁ። ከአባላት መዝገብ ስም የመሰረዝ ነገር።

"መዋጮ ያልከፈለ፣ ስብሰባ ያልመጣ፣ የክትትል ቀጠሮውን የሚያሳልፍ ይሰረዝ" የሚል ሐሳብ ቀረበ። ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ገንዘብ ያዣችን በየወሩ ስልክ ሲደውሉ ነው የሚውሉት። "እሺ፣ እከፍላለሁ" ይባላሉ፤ ይረሳል። "እመጣለሁ" ይባላሉ፤ ይረሳል። ቢናደዱ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን አይሰረዝም አልኩ። ዛሬም አይሰረዝም እላለሁ።

ለምን? አእምሯችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ነው። ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ኃይል ግን 20 በመቶ ገደማውን የሚወስደው እሱ ነው። ዋና ምግቡ ግሉኮስ፣ ማለትም በደማችን ያለው ስኳር ነው፤ ይህ ነው የሚባል ጎተራ ደግሞ የለውም። ደም ካላመጣለት ይራባል። ስኳር መለኪያው ላይ በሚሊግራም ከ70 በታች ሲወርድ ማላብና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ከ54 በታች ሲሆን ማሰብም ይከብዳል። ቃል ይጠፋል፣ ሒሳብ ይምታታል፣ ጨዋው ሰው ያለ ምክንያት ይቆጣል። መንገድ ላይ ያየው ሰው "ጠጥቷል" ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ጊዜ የሚወርድበት ሰው ደግሞ ላቡም መንቀጥቀጡም ሊቀርበት ይችላል። ምንም ምልክት ሳያይ በአንዴ ይፈዛል። ኢንሱሊን የምትወስዱ ባጃጅ ነጂዎች፣ በተለይ እናንተን ነው የምለው። መሪ ከመያዛችሁ በፊት ተለኩ።

ሲወርድባችሁ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ተለኩ። ቁጥሩ ተስተካከለ ማለት ግን ጭንቅላታችሁ ተስተካከለ ማለት አይደለም። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በዚያ ሰዓት ብር አትቁጠሩ፣ ውል አትፈርሙ፣ ከባለቤታችሁ ጋር ጠብ አትጀምሩ።

ሲበዛም ያው ነው። ከ270 በላይ ሲወጣ ሰው ቀላል መደመርና መቀነስ እንኳ እንደሚዘገይበት በጥናት ታይቷል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ለዓመታት የወሰደ ሰው ደግሞ ቢ12 የሚባለው ቪታሚን ሊያንሰው ይችላል። የቢ12 ማነስም ያስረሳል። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሐኪማችሁን ስለዚህ ጠይቁ።

ላስፈራራችሁ አይደለም። አብሽሩ! በአሜሪካና በካናዳ የዓይነት 1 ስኳር ሕሙማንን፣ ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችሉትን፣ ለ18 ዓመት ያህል የተከታተለ ጥናት አለ። ውጤቱ በ2007 እ.ኤ.አ. ወጣ። 1,144 ሰዎች ናቸው የታዩት። ስኳራቸው ክፉኛ ወርዶ የሚያውቁት ከሌሎቹ የባሰ የአእምሮ መድከም አልታየባቸውም። በጥቂቱ የዘገዩት የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረባቸው ናቸው። እነሱም ቢሆኑ የእጃቸውና የአእምሯቸው ፍጥነት ነው ቀነስ ያለው። ጥናቱ ሲጀመር ግን የሰዎቹ ዕድሜ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። በሽታው በሕፃንነቱ የጀመረው ልጅ ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አንድ የኮሚቴ አባል "ምግብና አእምሮን ምን አገናኛቸው?" ብለውኝ ነበር። ስኳር የሌለው ለስላሳ የምትጠጡ ጣሳውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ ፊኒልኬቶኑሪያ ላለባቸው ሰዎች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ። በዘር የሚተላለፍ በሽታ ነው። ሰውነታቸው ፊኒልአላኒን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል መፍጨት አይችልም፤ በደም ተጠራቅሞ አእምሮን ይጎዳል። በ1934 እ.ኤ.አ. ያገኘው ኖርዌያዊው ሐኪም አስቢዮርን ፎሊንግ ነው። ለፍለጋው ያነሳሳችው ግን የሁለት ልጆቿ አእምሮ ለምን እንዳልዳበረ ካላወቅሁ ብላ የተንከራተተች እናት ናት። ዛሬ በብዙ አገር ሕፃን እንደተወለደ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይመረመራል። በሽታው ከተገኘበት ምግቡ ያኔውኑ ይለወጣል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ምስር ይከለከላል፤ ልጁም እንደ እኩዮቹ ይማራል። ካደገ በኋላ ምግቡን ሲለቅ ግን ብዙ ጊዜ ትኩረቱና ነገሮችን ማቀዱ ይቸግረዋል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? የኛ በሽታ ሌላ ነው። ለኛማ ምስሩም ባቄላውም ወዳጅ ነው።

ከኛ የሚፈለገው ውድ ምግብ አይደለም። ሰዓቱና ልኩ ነው። እንጀራው ቀነስ፣ ጎመኑ ጨመር። መርፌ ወግቶ ቁርስ መዝለል የለም። አንዳንዱ የሚዘለው ስለሌለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱን ዝም ብለን ልንገስጸው አይገባም። ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ እየጨመረ "ስኳሬን ምን አወጣው?" የሚለኝን ግን እገስጻለሁ። የምትጾሙም ስሙኝ። ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙ ይቋረጥ ነው የሚለው ዓለም አቀፉ የሕክምና መመሪያ። ለመለካት ጣት መወጋት ጾም አያፈርስም።

እንግዲህ ወደ ክርክራችን ልመለስ። ይህ በሽታ በየቀኑ ቁጠር ይላል፣ አቅድ ይላል፣ አስታውስ ይላል። ያንኑ የሚያስቆጥረንን ጭንቅላት ደግሞ መልሶ ያደክመዋል። የረሳን ሰው ስለረሳ ብቻ ብንሰርዘው ማንን ልናግዝ ነው የተሰበሰብነው? ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ክፍል ውስጥ የሚፈዝ ልጅ ሁሉ ሰነፍ አለመሆኑን አውቃለሁ። ዘንድሮ አንዱ ልጃችን ስኳሩ ወርዶበት ከረሜላ አፉ ውስጥ ሲያደርግ "በክፍል ትበላለህ" ተብሎ ወጥቷል። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። በዚህ የተቆጣን ሰዎች ታዲያ እኛው በገዛ አባሎቻችን ላይ ያንኑ ልንደግም ነው?

ግን ደግሞ ሌላም ወገን አለ። የደም ጠብታ የሚነካበት የመለኪያው ስትሪፕ መጣ ሲባል ከማለዳ የሚሰለፍ፣ ስብሰባ ሲባል ስልኩን የሚያጠፋ። ፒያሳ ሱቅ ከፍታችሁ የሰው ዱቤ ሳንቲም ሳትስቱ የምታስታውሱ ወንድሞቼ፣ የኛን መዋጮ ሲሆን "ስኳሬ ነው፣ ያስረሳኛል" አትበሉን! ስኳራችሁ የሚወርደው የመዋጮ ቀን ብቻ ነው እንዴ? ዛሬም የሉም። ጎረቤቶቻቸው ግን እዚህ ተቀምጣችኋል። እንዳለ ንገሩልኝ፣ ከፈለጋችሁም ጨምሩበት።

ይህን ያህል የምናገረው የምንለካበት ስላጣን ነው። መለኪያው በልግስና ይመጣል። አብሮት የመጣው ስትሪፕ ያልቃል። ገበያ ስንወጣ የዚያ ዓይነት ስትሪፕ የለም፤ ካለም ዋጋው አይቀመስም። መለኪያዎቹ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። ሰውየው ስኳሩ ወርዶ ይሁን ቸልተኛ ሆኖ በምን እንለየዋለን? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ኢንሱሊን ጠፍቶ ምን እንዳየን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ያኔ አንዱ የሌላውን ብልቃጥ ተካፍሎ ነው የወጣው። ያ ሁሉ መተሳሰብ ሰላም ሲሆን የት ሄደ? ይህ ነው የሚያበሳጨኝ።

ሐሳቤ ይህ ነው። በዚህ ዓመት ማንም አይሰረዝ። ለሚቀጥለው የእግር ጉዞ ቲሸርት አይሠራ፤ የየቤታችንን እንልበስ። ገንዘቡ ስትሪፕ ይግዛ፤ የሚገዛውም አንድ ዓይነት ይሁን፣ ከገበያ የማይጠፋውን ዓይነት። የቀረ አባል ዘንድ በየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሰው ይሂድ። መጀመሪያ ይለኩት። ቁርስ በልቶ እንደሆነ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚያስታውሰው የቤት ሰው እንዳለው ይጠይቁት። ከዚያ በኋላ መዋጮውን ይጠይቁት፤ ደረሰኝ ይዘው ይሂዱ። ስኳሩ ደህና ሆኖ፣ ኪሱም ደህና ሆኖ እምቢ ካለ በሚቀጥለው ዓመት እዚሁ ስለ እሱ እንነጋገራለን። ያኔ እኔም አልከላከልለትም።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን፤ በልታችሁ እንዳትበታተኑ። የሒሳብ ሪፖርቱ ትንሽ ይቆየን። ጠዋት መርፌ ወግታችሁ እስካሁን ምንም ያልቀመሳችሁ እጃችሁን አውጡ። ነርሶቹ ከእናንተ ይጀምራሉ።